የባንክ መስኮቱ ቢዘጋስ?

ይድረስ ለእርስዎ፣

ዕድሜዬ 39 ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ በቴለርነት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የትምህርት ደረጃዬ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ነው። ስጀምር ወረፋው እስከ በሩ ይደርስ ነበር። አሁን ከሰዓት በኋላ መስኮቴ ላይ ሰው የማላይበት ቀን አለ። ሁሉም ስልኩ ላይ ይጨርሳል። ከሚመጡት ብዙዎቹ እናቶች ናቸው። ልጆቻቸው ከሳዑዲ የላኩላቸው ብር ስሙ አልገጥም ብሎ ይቸገራሉ። አምና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የመጣልን ልጅ 27 ዓመቱ ነው። «እትዬ» ይለኛል። በስብሰባ ላይ «ወደፊት ብር የሚቆጥር ሰው አያስፈልገንም» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሁለት ልጆች አሉኝ። ነፃውን የኮዲንግ ሥልጠና ጀምሬ አልገባኝ ብሎ ተውኩት። ወንድሜ ዱባይ ነው። «ሳያባርሩሽ ልቀቂና ነይ» ይለኛል። ዲግሪ ልማር? ወይስ ጊዜው አልፎብኛል?

ቴለሯ፣ ከደሴ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ፍርሃትሽን አየሁ። በሁለተኛው ግን ስለ እናቶቹ የጻፍሻት አንዲት መስመር ላይ ቆምኩ። አንቺ እንደ ቀላል ነገር አልፈሻታል። እኔ ግን የደብዳቤሽ ፍሬ እሷ ትመስለኛለች። እመለስባታለሁ።

በቅድሚያ እውነቱን ልንገርሽ። ፍርሃትሽ ከንቱ አይደለም። ቴሌብር የመጣው ግንቦት 2013 ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በጥሬ ብር መቅዳት ቀረ። ነሐሴ 2015 ኤምፔሳ ተጨመረ። የየባንኩም መተግበሪያ አለ። ምናልባትም ደንበኛ ስልክ ላይ ስትጭኚ የዋልሽው አንቺው ነሽ። የራስን ወረፋ በገዛ እጅ ማሳጠር ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ድረስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዟል። ይህ ሲከብዳቸው አንዳንዶች ወደ መዋሃድ ይሄዳሉ። የተዋሃዱ ባንኮች ደግሞ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ቅርንጫፍ አያስፈልጋቸውም። ታኅሣሥ 2017 ምክር ቤቱ ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅም ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ስለዚህ «አይዞሽ፣ ምንም አይመጣም» ብልሽ ዋሽቼሻለሁ።

ሥራ አስኪያጁ የተናገረው ነገርም ልክ ነው። ብር የሚቆጥር ሰው እየቀነሰ ይሄዳል። ጥያቄው አንቺ 14 ዓመት ሙሉ ስትሠሪ የነበረው ብር መቁጠር ብቻ ነው ወይ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ታሪክ ልንገርሽ። እኔ በ1977 ዓ.ም. ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር የምሠራው በጽሕፈት መኪና ነበር። የአማርኛ መኪና ፊደሉን ሁሉ አይችልም። ፊደሉን ትመቺና ቅጥሉን በሌላ ቁልፍ ትጨምሪበታለሽ። ስቴንስል ላይ (ጽሑፍ የሚባዛበት ሰም የተቀባ ወረቀት) ከተሳሳትሽ ቀዩን ማረሚያ ቀብተሽ እስኪደርቅ ትጠብቂያለሽ። ይህን በፍጥነት መሥራት ሙያ ነበር፤ ያስከብር ነበር። በ1988 መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ገባ። ከሁላችንም ፈጣን የነበረችው ባልደረባዬ «ይሄ ያልፋል» ብላ መኪናዋ ላይ ቀረች። እኔም ኮምፒውተሩን ቶሎ አልለመድኩትም። ብዙ ቀን አልቅሼበታለሁ። ያቆየኝ ሌላ ነገር ነው። የትኛው ደብዳቤ ግልባጩ ለማን እንደሚሄድ አውቃለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈው መልስ የትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ኃላፊው ተቆጥቶ ያዘዘውን ደብዳቤ በማግስቱ በርዶለት እንዲያየው ማቆየትም እችልበታለሁ። ሥራዬ መተየብ ይመስለኝ ነበር። ለካ መተየብ የሥራዬ ትንሹ ነው።

ባልደረባዬም ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። ከእኔ የተሻለ ታውቅ ነበር። ግን ማወቋን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እሷም አልተናገረችም፣ እኔም አልተናገርኩላትም። ቅነሳ ሲመጣ ስሟ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ላንቺ ረዘም አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ትንሽ ደብተር ግዢ። ለአሥር የሥራ ቀን መስኮትሽ ላይ የመጣውን ጉዳይ ሁሉ በአንድ በአንድ መስመር ጻፊ። የደንበኛ ስምና የሂሳብ ቁጥር ግን እንዳትጽፊ፤ ጉዳዩን ብቻ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደብተሩን ክፈቺና ስልክ ወይም ማሽን ሊጨርሰው የሚችለውን ጉዳይ በእርሳስ ሰርዢው። ገንዘብ ማስገባት፣ ማውጣት፣ ማስተላለፍ፣ ሂሳብ ማየት፣ ይህ ሁሉ ይሰረዛል። ስትሰርዢ ሆድሽ ይባባ ይሆናል። ግድ የለም፣ ሰርዢው። ያልተሰረዘው የወደፊት ሥራሽ ነው።

ምን እንደሚቀር ከደብዳቤሽ መገመት እችላለሁ። እናቶቹ ይቀራሉ።

የወሎ ልጅ ነሽና ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ስንቷ ልጅ ናት ፓስፖርት ስታወጣ ስሟ ተቀይሮ፣ ዕድሜዋ ተጨምሮ የሄደችው? ቤት የምትጠራበት ስም ሌላ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሌላ። እናትየዋ ደግሞ በቀበሌ መታወቂያ አንድ ዓይነት፣ በፋይዳ ሌላ ዓይነት ተጽፋለች። ሪያድ ያለው ላኪ ድርጅት ስሟን በላቲን ፊደል በሰማው መንገድ ይጽፋል። «መሐመድ» ብቻውን በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት ይጻፋል? አንድ ፊደል ሲለያይ ሲስተሙ ገንዘቡን ይይዛል። መያዙም ልክ ነው፤ የሌላ ሰው ገንዘብ ቢሆንስ? ከዚያ በኋላ ግን ሰው ያስፈልጋል። «ልጅሽ ወደዚያ ደውላ ስሙን ታስተካክል»፣ «ይህን ማስረጃ ከቀበሌ አምጪ» የሚል ሰው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህች ሴት እውነተኛዋ እናት ናት ወይስ ሌላ ሰው ከኋላዋ ቆሟል የሚለውን ፊቷን አይቶ፣ ጠይቆ የሚለይ ሰው። ይህን 14 ዓመት ስትሠሪው ኖረሻል። እንደ ሥራ ስላልቆጠርሽው ነው እንቅልፍ ያጣሽው።

ይህ ሥራ ደግሞ ዋጋው ጨምሯል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባንኮች ለውጭ ምንዛሪ የሚያደርጉትን ሽሚያ ታያለሽ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በሕጋዊ መንገድ የሚላክ እያንዳንዱ ሪያል ለባንክሽ ትልቅ ነገር ነው። እናትየዋ ሦስት ቀን ተመላልሳ ደክሟት ከሄደች፣ ልጇ በሚቀጥለው ወር የምትልከው በጥቁር ገበያ ነው። ስለዚህ ስሙን አስተካክለሽ የሸኘሻት አንዲት እናት የዚያ ቤት የዓመታት ሐዋላ ማለት ናት። ይህን በቁጥር አሳይተሽ ታውቂያለሽ? ስንት ተይዞ የነበረ ክፍያ ለቀሽ አስረከብሽ? ደብተርሽ ይህንን ይንገርሽ።

ሌላም የሚቀር አለ። ነጋዴው «ገብቶልሃል» ተብሎ የሐሰት ስክሪንሾት ታይቶት ዕቃውን ካስረከበ በኋላ የሚመጣው አንቺ ዘንድ ነው። ሽማግሌው በስልክ «ከባንክ ነው የምንደውለው» የሚል ሰው ሚስጥር ቁጥራቸውን ሲጠይቃቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የሚመጡትም አንቺ ዘንድ ነው። መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተሳስቶ ደንበኞች ከሌላቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ የሆነውን ታስታውሻለሽ። ገንዘቡ የወጣው በማሽንና በስልክ ነው። የተመለሰው ግን በሰው ልፋት ነው። ማሽን በበዛ ቁጥር ስሕተቱና ማጭበርበሩም በዚያው ፍጥነት ይሄዳል፤ ነገሩን የሚያረጋጋና የሚያጣራ ሰው ይፈለጋል።

እንግዲህ ከመስኮትሽ ቀጥሎ ያሉት ጠረጴዛዎች ናቸው መድረሻሽ። ሐዋላና የውጭ ምንዛሪ አለ። የማጭበርበርና የሕገወጥ ገንዘብ ዝውውር ክትትል አለ። ከወለድ ነፃ አገልግሎት አለ። ብድርና የውስጥ ቁጥጥርም አለ። እኔን ብትጠይቂኝ ሐዋላውንና ከወለድ ነፃውን አንድ ላይ ያዢ። ምክንያቴን ልንገርሽ። ደሴና ኮምቦልቻ ወለድ መቀበልም መክፈልም የማይፈልግ ደንበኛ ብዙ ነው። ዘምዘም ባንክ ሰኔ 2013 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ተከተለው። ሌሎቹም ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ከፍተዋል። ከሳዑዲ የሚላክላት እናትና ወዲዓ ሂሳብ (ወለድ የሌለው የአደራ ሂሳብ) የምትከፍተው እናት ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ናት። ሙራባሃ ምን እንደሆነ፣ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን በግልጽ ጨምሮ ለደንበኛው በዱቤ እንደሚሸጥ፣ ከብድር በምን እንደሚለይ በቀላል አማርኛ የሚያስረዳ ባለሙያ በየቅርንጫፉ አይገኝም። የአንቺ እምነት የትኛውም ይሁን፣ ዋናው ውሉን ጠንቅቆ ማወቅ ነው። በስድስት ወር በደንብ ልታውቂው ትችያለሽ። ባንክሽ ሥልጠና ሲሰጥ ስምሽን አስመዝግቢ። ካልሰጠ የባንኩን የራሱን የአሠራር መመሪያ ጠይቀሽ አንብቢ። አብዛኛው ሠራተኛ ገልጦ አያየውም።

ወደ ኮዲንጉ ልምጣ። አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የተባለው ሥልጠና ሐምሌ 2016 ሲጀመር ደስ ብሎኛል። ነፃ ነው፣ የምስክር ወረቀትም አለው። ግን አንቺ ከየት ነው የጀመርሽው? የፕሮግራሚንጉን ወይም የአንድሮይዱን ከሆነ አለመግባቱ የአንቺ ጉድለት አይደለም። የዕለት ሥራሽ ላይ የማትነኪውን ነገር በማታ ድካም መማር ለማንም ይከብዳል። ተይው። ከአራቱ ትምህርቶች የዳታውን ያዢ፤ ከዚያ የሰው ሠራሽ አስተውሎቱን መግቢያ። ከሁለቱም በፊት ግን ኤክሴል። ዝርዝር መደርደር፣ ማጣራት፣ በወርና በአገር ለይቶ መደመር ቻይ። የአሥር ቀን ደብተርሽን እዚያ ላይ አስገቢውና ተለማመጂበት። በገዛ ሥራሽ ላይ የተማርሽው ነገር አይረሳሽም።

እንግሊዝኛው ቢያስፈራሽ አይገርመኝም፤ የሐዋላ ደብዳቤ ልውውጥ በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ ላይ ቻትጂፒቲን የመሰሉ መሣሪያዎች ጥሩ አስተማሪ ይሆኑሻል። ራስሽ የጻፍሽውን ደብዳቤ አሳዪው፣ ስሕተቱን አሳየኝ በዪው፣ ለምን ስሕተት እንደሆነም ጠይቂው። እሱ እንዲጽፍልሽ ብቻ ካደረግሽ አንቺ ምንም አትማሪም። የደንበኛ ስም፣ ስልክና የሂሳብ ቁጥር በጭራሽ አታስገቢበት። ይህ ከሥራ የሚያስወጣ ጥፋት ነው፤ በደንበኛው ላይም ግፍ ነው።

ዲግሪ ልማር ወይ ላልሽው፣ አዎ ተማሪ። ግን ለምን እንደምትማሪ አውቀሽ ግቢ። ዕውቀቱን በአብዛኛው ከሥራ አግኝተሽዋል። ዲግሪው የሚያስፈልግሽ የውስጥ ክፍት የሥራ ቦታ ሲወጣ «የመጀመሪያ ዲግሪ» የምትለዋ መስፈርት ገና ከበር እንዳትመልስሽ ነው። ስለዚህ ቶሎ ጀምሪው፣ ግን እስኪያልቅ ሌላውን ነገር ሁሉ አታቁሚ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ደጅሽ ላይ ነው። ከሥራ ጋር የሚሄድ መርሐ ግብር እንዳለው በአካል ሄደሽ ጠይቂ። የግል ኮሌጅ ወይም የርቀት ትምህርት ከመረጥሽ ግን ከመክፈልሽ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያ ትምህርት፣ ለዚያ ካምፓስ ፈቃድ መስጠቱን አረጋግጪ። ፈቃድ በሌለው ትምህርት ገንዘባቸውንም ዓመታቸውንም ያጡ ሰዎች ጽፈውልኛል። ደግሞ ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ። በመንግሥትም በግልም ተቋም የተማረ ሰው ፈተናውን ሳያልፍ ዲግሪውን አያገኝም። እንዲሁ ተመዝግቦ ወረቀት መያዝ አይቻልም። ይህ እንደ አንቺ ላሉ ለፍቶ አዳሪዎች ጥሩ ነው፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት ድካም በኋላ ያገኘሽው ወረቀት ዋጋ ይኖረዋል።

ሥራ አስኪያጁን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። «እትዬ» ሲልሽ አትከፊ። እንዳረጀሽ ሊነግርሽ ፈልጎ አይደለም። እንዴት እንዳደገ ነው የሚነግርሽ። እንዲህ ብሎ የሚጠራ ልጅ ብታናግሪው ይሰማሻል። አሥሩ ቀን ሲያልቅ የጻፍሽውን በአንድ ገጽ አሳጥረሽ ይዘሽለት ግቢ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት የተያዘ ሐዋላ እንደመጣ፣ ስንቱ እንደተፈታ፣ ስንቱ ተስፋ ቆርጦ እንደሄደ አሳዪው። «ይህን ሥራ በኃላፊነት ስጠኝ፣ በሦስት ወር ቁጥሩን አሳይሃለሁ» በዪው። እሱም ከዲስትሪክቱ የሚጠየቅበት የውጭ ምንዛሪ ዕቅድ አለበት። እሱም እንቅልፍ የለውም ይሆናል። እግረ መንገድሽን ሲስተሙ ላይ የማታውቂውን ሪፖርት እንዲያሳይሽ ጠይቂው። ከልጅ መማር አያሳፍርም። እኔን ኮምፒውተር ያስተማረችኝ ከእኔ 15 ዓመት የምታንስ ተለማማጅ ነበረች።

ይህ አንድ ገጽ ሌላም ጥቅም አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ሠራተኛ ሲቀነስ በሥራው እንዲቆይ ቅድሚያ የሚሰጠው ችሎታ ላለውና የተሻለ ውጤት ላሳየ ሠራተኛ ነው ይላል። ችሎታሽ በወረቀት ላይ ከሌለ በማን ቃል ይመዘናል? የባልደረባዬ ነገር ይኸው ነበር። ስለዚህ የምስጋና ደብዳቤ፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤት፣ የሥልጠና ማስረጃ፣ ሁሉንም በአንድ ፋይል ሰብስቢና ኮፒውን ቤት አስቀምጪ።

ያው አዋጅ መብትሽንም ይነግርሻል፤ ወንድምሽም ይህን ቢሰማ ደስ ይለኛል። በቅነሳ ምክንያት ብትሰናበቺ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባሻል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ላንቺ 14 ዓመት 160 ቀን ይመጣል። በቅነሳ ስለሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይደመርበታል። በድምሩ የ220 ቀን ደመወዝ ነው። የባንካችሁ የኅብረት ስምምነት ከዚህ የተሻለ ሊሰጥ ስለሚችል የሠራተኛ ማኅበራችሁን ጠይቂ። ዛሬ በገዛ እጅሽ መልቀቂያ ብታስገቢ ግን ይህ የቅነሳ መብት አብሮሽ አይወጣም። «ሳያባርሩሽ ልቀቂ» የሚለው ምክር በዚህ ምክንያት አይዋጥልኝም።

ዱባይ በጭራሽ አትሂጂ አልልሽም። ግን ምን ሆነሽ ነው የምትሄጂው? ወንድምሽን ይህን ጠይቂው። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ቀጣሪው ማን እንደሆነ፣ ቪዛው የሥራ ይሁን የጉብኝት በግልጽ ይንገርሽ። በጉብኝት ቪዛ ሄዶ ሥራ መፈለግ ሁለት ልጅ ላላት እናት ምን ማለት እንደሆነ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። መስኮትሽ ላይ የሚመጡት እናቶች ልጆች ታሪክ ይኸው ነው። በሐዋላና በቁጥጥር ሥራ ሁለት ዓመት ልምድ ይዘሽ፣ እንግሊዝኛሽን አጠንክረሽ ብትሄጂ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ የምታሳዪው ሙያ አለሽ። ስለዚህ ወንድምሽን አትቆጪው፣ ዝም ብለሽም አትታዘዢው። ሁለት ዓመት ስጠኝ በዪው።

ጊዜው አልፎብኛል ወይ ብለሻል። የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። 21 ዓመት ይቀርሻል። እስከ ዛሬ ከሠራሽው ይበልጣል።

ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ይዘሽ ግቢ። የመጀመሪያዋ እናት ስትመጣ ጉዳይዋን ጨርሰሽላት ከሸኘሻት በኋላ አንድ መስመር ጻፊ። አሥሩ ቀን ሲያልቅ ምን እንደተሰረዘና ምን እንደቀረ ጻፊልኝ። ሥራ አስኪያጁ የሚልሽንም ጨምሪበት፤ ያንቺን ደብዳቤ ለይቼ እጠብቃለሁ።